እህቴ ጤናዬ የአባታችንን ቤት ስታካፍል

አብነት አካባቢ ወላጅ የሞተበት ቤተሰብ፣ ለቅሶው በረድ ሲልለት፣ ጠበቃ ዘንድ ከመሄዱ በፊት እህቴ ዘንድ ይመጣል። እህቴ ሕግ አልተማረችም። ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክና ቁልፍ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሰዎቹ ግን ሱቋ በር ላይ ቆም ብለው «እትዬ ጤናዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ይላሉ። እሷም በርጩማ ትስብላቸውና «ካርታው በማን ስም ነው?» ብላ ትጀምራለች። «በአባታችን» ካሏት በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ሱቁ ውስጥ ያለ ደንበኛ ተራውን ይጠብቃል።

እኔ ታናሿ ነኝ። ጸሎት እባላለሁ፤ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ስሜን የሰማ ዝምተኛ እመስለዋለሁ፤ የሚያውቀኝ ግን ቶሎ እንደምቆጣ ያውቃል። ይህንንም የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ሰው ስለ እህቴ ሲያወራ ግማሹን እየዘለለ ያወራል። «ሱቋን ለወንድሟ ሰጠችው፣ አይ የዋህነት!» ይላሉ። አልሰጠችውም፤ የዋህም አይደለችም። የሆነውን እኔ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።

አባዬ ቦጋለ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ መርካቶ ገብቶ የቀረ ሰው ነው። መጀመሪያ ጃንጥላ ይጠግን ነበር፤ ኋላ ብርድ ልብስ ቸረቸረ፤ በመጨረሻ ከአብነት ዋና መንገድ ገባ ብሎ የራሱን ቤት ሠራ። ቤቱ ጠባብ ሆኖ ወደ ኋላ የሚረዝም ነው። ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ሱቁ፣ መሀል ላይ ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ማድ ቤትና ሌላ ሁለት ክፍል ከትንሽ ግቢ ጋር። አባዬ በዚህ ቤት የነበረው ኩራት ልክ አልነበረውም። የግቢውን በር ሲያሠራ ስሙን በብረት አስበየደበትና የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እያስቆመ አስነበበ። ማንበብ የማይችለውን ደግሞ ራሱ አነበበለት።

እማዬ ቀድማ ሞተች። ከዚያ አባዬ አልጋ ላይ ዋለ። እኔ አግብቼ ወጥቻለሁ። የመሀላችን መስፍን ገና በጎረምሳነቱ ከአባዬ ጋር ተጣልቶ ከቤት የወጣ ነው። አባዬ ልጆቹን ሁሉ ይወድ ነበር፤ መስፍንን ግን አንድ ቀን እንኳ ሱቅ አላስጠበቀውም። «አንተ እጅ ላይ ነገር አይበረክትም» ይለው ነበር፣ ሰው ፊት። መስፍን አውቶቡስ ተራ በረዳትነት ጀምሮ ሾፌር ሆነ፤ ከአንዱ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላው ፍራሹን ሲያዞር ኖረ። ቤት የቀረችው ጤናዬ ብቻ ናት። ቀን ሱቅ ትሠራለች፤ ከሱቅ ስትወጣ አባዬን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች። የሚያገባት ጠፍቶ አይደለም ሳታገባ የቀረችው፤ ጊዜ አጥታ ነው። ይህን እሷ አትናገርም፤ እኔ ግን እናገራለሁ።

አባዬ ሲሞት ለቅሶው ትልቅ ነበር። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ድንኳኑ መንገድ ዘጋ። ሞቱን ያልሰማው የወሳኝ ኩነት ቢሮ ብቻ ነው፤ ሄዶ ያስመዘገበ የለማ! የሞት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር መኖሩ ማን ትዝ ብሎት። ተዝካሩ አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። አንድ ጎረቤት «ካርታውን በስማችሁ አዙሩ እንጂ» ሲለን ሦስታችንም እንደ ስድብ ቆጠርንበት። የአባዬን ስም ከካርታው ማውጣት ሁለተኛ መቅበር ሆኖ ታየን። «የቦጋለ ቤት የቦጋለ ነው» ብለን ደረታችንን ነፍተን ተቀመጥን። በሰፈራችን ይህን ስሕተት ያልሠራ ቤተሰብ ፈልጌ አላገኘሁም። ከስንፍና አይደለም፣ ከፍቅር ነው። መዘዙ ግን ያው ነው።

መዘዙ በጤናዬ በኩል መጣ። አባዬ በሕይወት ሳለ ሱቁን ለእሷ በውል አከራይቷት ነበር፤ የንግድ ፈቃዷ የሚታደሰው በዚያ ውል ነው። የውሉ ዘመን አለቀ። ፈቃዷን ልታድስ ስትሄድ «አከራይዎ ቀርበው አዲስ ውል ይፈርሙ» አሏት።

«ሞቷል» አለች።

«እንግዲያው ወራሾቹ ቤቱን በስማቸው ያዙሩና እነሱ ያከራዩዎት።»

የተቀበላት ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነበር፤ አስረድቶ ነው የሸኛት። የእድሳቱ ጊዜ እስኪያልቅ ካልተስተካከለ ግን ሱቁ ይታሸጋል። ለእኔ ሱቅ ማለት ሱቅ ነው። ለእሷ ግን እንጀራዋም፣ ትዳሯም፣ ሰው የሚያከብራት ምክንያትም እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ፊቷን አይቼ ፈራሁ።

እሷ ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። በማግስቱ የወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዳ የዘገየውን ሞት አስመዘገበች። ቀጥሎ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ፍርድ ቤት። ምስክር፣ መታወቂያ፣ የቀበሌ ወረቀት፣ ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቤት ያላችሁ ሰዎች ስሙኝ፤ ይህን ሁሉ ሰው ሲሞት ሰሞኑን ብትሠሩት ቀላል ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ምስክር ይሆኑናል ብላችሁ የምትፈልጓቸው ሽማግሌዎችም ሞተው ታገኟቸዋላችሁ። የግብሩን ደረሰኝ ጤናዬ በየዓመቱ እየከፈለች በፌስታል አስቀምጣ ስለነበር እንጂ እስካሁን ቢሮ ለቢሮ እየዞርን ነበር።

ካርታውን ለማዞር ሦስታችንም መቅረብ ነበረብን። መስፍንን አውቶቡስ ተራ ሄደን አገኘነው። መኪናውን እያጠበ ነበር። ጤናዬ ነገሩን አስረዳችው። ጨርቁን ጨምቆ መኪናው ላይ አሰጣው።

«ፊርማዬን አልከለክልሽም፣ እቴቴ» አላት። «ግን ስሜ ካርታ ላይ ገብቶ እኔ በር ላይ እንግዳ ሆኜ አልቀርም። የእኔ የትኛው እንደሆነ ይታወቅልኝ።»

ደሜ ፈላ። «እሷ አባዬን ስታስታምም አንተ የት ነበርክ? አሁን ነው ቤት ትዝ ያለህ?» ብዬ ልቀጥል ስል ጤናዬ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«ልክ ነው» አለች። «ልጁ ነው፤ ድርሻ አለው። ይካፈል።»

ሽምግልናው የተደረገው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። ጋሼ ዘመድኩን፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀመጡ። ቦታው ለሦስት ካርታ እንደማይበቃ አስቀድመው ጠይቀው አውቀዋል። ስለዚህ ካርታው በሦስታችን ስም የጋራ ይሆናል፤ ማን የትኛውን እንደሚይዝ ደግሞ በስምምነት ተጽፎ ይፈረማል። አካሄዱ የሰፈራችን የቆየ ልማድ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ያካፍላል፤ ሌሎቹ ከታናሽ ጀምረው ይመርጣሉ፤ አካፋዩ የተረፈውን ይወስዳል። አካፋይ አድልቶ ቢከፍል የሚጎዳው ራሱን ነውና ማንም አያማውም።

«እንግዲህ ማን ያካፍል?» አሉ ጋሼ።

«እኔ» አለች ጤናዬ።

ጋሼ ዘመድኩን መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ አስቢበት። ታላቅ ነሽ፤ አባትሽን ጦረሻል። ሱቁን ልያዝ ብትዪ ማንም አይነቅፍሽም። ካካፈልሽ ግን የመጨረሻዋ ነሽ፤ ሱቁ ከእጅሽ ሊወጣ ይችላል።»

«ይነቅፉኛል፣ ጋሼ። አፍ አውጥተው ባይናገሩም በልባቸው ይነቅፉኛል» አለች። «እርስዎ እንደሚያውቁት ቤቱን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። እኔ ላካፍለውና የደረሰኝን ልውሰድ።»

መስፍን ቀና ብሎ አያት። ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ አልተነበበልኝም።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ማድ ቤት ይዣት ገባሁ። መላ አለኝ አልኳት። «ታናሽ እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነኝ። ሱቁን እመርጥና ለአንቺ እሰጥሻለሁ። አለቀ።» በራሴ ብልጠት ደስ ብሎኝ ነበር።

እህቴ እንደዚያ ቀን ተቆጥታብኝ አታውቅም። «ለእኔ ብለሽ ከመረጥሽ እዚያው ሽማግሌ ፊት ማካፈሉን ትቼ እነሳለሁ» አለችኝ። «መስፍንን አንድ ጊዜ ከዚህ ቤት አስወጥተነዋል። አሁን ደግሞ ሁለታችን ተመሳጥረን ልናስወጣው ነው? ለራስሽ የሚበጅሽን ምረጪ።»

«ሱቅሽስ?»

«ሱቄ ከሄደ ሌላ እጀምራለሁ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ የታጠበ ድስት ማጠብ ጀመረች።

ማካፈሉን ቀልድ አላደረገችውም። ሜትር ይዛ እያንዳንዱን ክፍል ለካች፤ ግንበኛ አምጥታ ግድግዳውን አስመረመረች። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ለሦስት እንዴት እንደሚለይ ጠየቀች። መጸዳጃ ቤቱና መተላለፊያው የማንም ሳይሆን የሦስቱም እንዲሆን ለየችው። «ወንድማማች የሚጣላው በክፍል አይደለም፣ በመተላለፊያ ነው» አለችኝ፤ አሁን ለሚያማክሯት ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ከጎኑ ያለውን ዕቃ ቤት ጨመረችለት፤ የኋላው ጣሪያ አርጅቷልና ለእሱ ግቢውን ሰጠችው።

የምርጫው ቀን ጋሼ ዘመድኩን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ጤናዬ ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላ ጀምራ አዞረችን። እኔ እያንዳንዱን ቃሏን አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ቃሏ እየተቃጠልኩ ነበር።

«ይኼኛው ሰፊ ነው፤ ግቢም አለው። ግን ጣሪያው ክረምት ያፈሳል፤ በቅርቡ ቆርቆሮ ይፈልጋል» አለች የኋላውን። መሀሉ ላይ ስንደርስ «ይኼ ብርሃን ይጎድለዋል፣ ግን ደረቅ ነው፤ የጎን በርም አለው፤ ሥራ ሊሠራበት ይችላል» አለች።

ከዚያ ሱቁን ከፈተች። የክር ጥቅሎቹ በየቀለማቸው ተደርድረው ነበር። እዚህ ላይ እንኳ አፏን ትያዝ ብዬ ተመኘሁ። እሷ ግን ለመስፍን አንድ በአንድ አሳየችው። «ጠባብ መሆኑን አትይ። ጠዋት ፀሐይ አያገኘውም፣ ዕቃ አይደርቅም፣ ቀለም አይለቅም። ልብስ ሰፊ ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ለማንም ብታከራየው ባዶ አይውልም። ከሦስቱ ገቢ የሚያስገባው ይኼ ነው።»

«እቴቴ!» አልኳት ሳላስበው።

«ምን ላድርግ፣ እውነቱ እሱ ነው» አለች።

መጀመሪያ እኔ መረጥኩ። ዓይኗ እላዬ ላይ ነበር። የመሀሉን ወሰድኩ፤ የጎን በሩን ሳይ የፀጉር ቤት ሆኖ ታይቶኝ ነበርና እውነትም ለራሴ ነው የመረጥኩት። ቀጥሎ መስፍን ነው። ወደ ኋላ ሄደ፣ ግቢውን አየ፣ ተመለሰ። ሱቁ ደፍ ላይ ቆመ፤ እግሩን ወደ ውስጥ አላስገባም፤ ልጅ ሳለ አባዬ አትግባ ሲለው እንደሚቆመው ነበር አቋቋሙ። ቆየ። ጋሼ ዘመድኩን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኼንን» አለ።

እኔ ጤናዬን ማየት አልቻልኩም። ድምጿን ብቻ ነው የሰማሁት። «የተባረከ ይሁንልህ» አለች፤ ቁልፉን ከወገቧ ፈታ በሁለት እጇ ሰጠችው። «ዕቃዬን እስከ ረቡዕ አነሳልሃለሁ።» ሰጠሁህ፣ ተውኩልህ የሚል ቃል አልወጣትም። ድርሻውን ነው ያስረከበችው። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ስምምነቱ ተጽፎ ተፈረመ፤ ካርታውም በጋራ ስማችን ዞረ።

ያን ሰሞን እኔ መስፍንን ስልክ አላነሳለትም ነበር። ጤናዬ ግን ክሯንና ዚፗን በካርቶን እያሸገች ወደ ኋላ ክፍል ስትወስድ ዋለች። ልብስ ሰፊዎቹ መጥተው በሩ ተዘግቶ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ እሷ ከኋላ ወጥታ «አለሁ፣ በዚህ በኩል ግቡ» ትላለች። የእድሳቱ ጊዜ ሊያልቅ እየተቃረበ ነበር። ያለ ፈቃድ ደግሞ በድብቅ የምትሸጥ ሰው አይደለችም። ሌላ ሱቅ ፍለጋ አብነትን ዞረች፤ የሚቻል አላገኘችም።

አንድ ቅዳሜ መስፍን መጣ። ሱቁን ሊከራየው የሚፈልግ፣ መርካቶ ዱባይ ተራ የሚሠራ ነጋዴ አግኝቷል፤ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሊያደርገው። ውል እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም፤ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ወደ እሷው መጣ። እኔ ከመሀሉ ክፍል ሆኜ እሰማ ነበር፤ ወጥቼ ልጮህበት በሩን ከፍቼ ነበር።

ጤናዬ ወንበር ሰጠችው። «ግድግዳ አፈርሳለሁ ብሎሃል?» አለችው።

«መስታወት ላድርግ ብሏል።»

«ያ ግድግዳ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ የተሸከመ ነው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድህ ምንም እንዳይነካ ውሉ ላይ አስገባ። ቀብድ ሲሰጥህ ዝም ብለህ አትቀበል፣ ይጻፍ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ አጽድቀው፤ ደላላው ጽፎ የሚያመጣልህን እንዳትፈርም። ውክልና ስጠኝ የሚልህ ካለ አትስጥ። ግብሩን ደግሞ በየዓመቱ ራስህ ክፈል፤ ደረሰኙን አስቀምጥ።»

ከእጇ የወጣውን ሱቅ ለሌላ ሰው እንዴት በደህና እንደሚያከራየው ታስተምረው ነበር። በሩን ይዤ ቀረሁ። ቁጣዬ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ይቺ የኔ እህት ናት ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ልጠራ ነበር የቃጣኝ።

መስፍን የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው። «እቴቴ፣ አንቺ ለምን አትከራዪውም?» አላት።

«ነጋዴው የሚሰጥህን ያህል እኔም እሰጣለሁ። ከዚያ በታች ግን እንዳትቀበለኝ።»

«እንዴ፣ ከአንቺማ...»

«ከእኔማ ምን? በነጻ ከገባሁ ነገ ስትከፋ ወይ ስከፋ እንጣላለን። ውል ያለው ተከራይና ውል ያለው አከራይ አይፈራራም። ተስማማህ?»

ተስማማ። ቀጥለው በእድሳትና በቀለም ቅብ ተከራከሩ። እህቴ ልምድ ያላት ነጋዴ ናት፤ ቀለሙን በእሱ ላይ ጣለችበት። ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት።

ውሉን ለማጽደቅ ሦስታችንም ሄድን፤ ካርታው የጋራ ስለሆነ እኔም ፈቃዴን መፈረም ነበረብኝ። መስፍን ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሶ ነበር። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛዋ መታወቂያችንን አገላበጠች። «አከራይና ተከራይ እህትና ወንድም ናችሁ እንዴ?» አለች፤ ክፋት አልነበራትም፣ ለጨዋታ ነው። «ጉድ ነው! ከታላቅ እህትህ ላይ ኪራይ ልትቀበል ነው?»

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። የወንድሜ ጆሮ ቀላ። እስክሪብቶውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ፤ ወረቀቱን ትቶ የሚወጣ መሰለኝ።

ጤናዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «የኔ እመቤት፣ ሱቁ የእሱ ነው» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ከአባቱ የደረሰው ድርሻው ነው፤ ሽማግሌ ፊት መርጦ ወስዶታል። እኔ ተከራዩ ነኝ። የምከፍለውም የእሱ ስለሆነ ነው።» ከዚያ ጣቷን አገጩ ሥር አድርጋ ፊቱን አነሳችው። «ቀና በል፣ መስፍኔ። ባለቤት ነህ።»

ወንድሜን በሕይወቱ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፣ ቀና አለ፣ ፈረመ።